«ሰው እያየኝ መብላት አልፈልግም»፦ የአፍ ካንሰርና ድባቴ በአንድ የሐዋሳ ታካሚ

ይህን ጉዳይ እንድጽፍ ያደረጉኝ ሁለት የተሞሉ የድባቴ መጠይቅ ወረቀቶች ናቸው። ሁለቱም የአንድ ሰው ናቸው፤ ጥያቄዎቹም አንድ ናቸው። በመካከላቸው ያለው ጊዜ ወር አይሞላም። የመጀመሪያው «ይህ ሰው ደህና ነው» ይላል። ሁለተኛው ቶሎ ካልተደረሰለት እንደሚያሰጋ ይናገራል።

እኔ ሐዋሳ ውስጥ የካንሰር ታካሚዎች ክትትል ላይ የምሠራ ነርስ ነኝ። ታካሚው ታሪካቸው እንዲጻፍ ፈቅደዋል። ማንነታቸውን የሚያሳብቁ ነገሮችን ቀይሬያለሁ፤ የሕክምናውን ነገር ግን አልነካሁም።

ታካሚውና በሽታው

በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ያሉ፣ ባለትዳርና የሦስት ልጆች አባት ናቸው። ሥራቸው ድለላ ነው። ቤት ያከራያሉ፣ ቦታ ያሻሽጣሉ፣ አንዳንዴ መኪናም ያገናኛሉ። ከአቶቴ እስከ አረብ ሰፈር የሚከራይ ቤት ካለ ቀድመው የሚሰሙት እሳቸው ነበሩ። የደላላ ቢሮው ስልኩና አፉ ነው። እሳቸውም የሚታወቁት በጨዋታቸው ነው። ዋጋ ላይ የተኮራረፉ ሻጭና ገዢን ቡና ላይ አስቀምጠው፣ አስቀውም ቢሆን ያስማማሉ።

ሲጋራ የጀመሩት በጉርምስናቸው ነው። ከሰዓት ጫት፣ ማታ አረቄ አይቀርም ነበር። ትምባሆና አልኮል የአፍ ካንሰር ዋና መንስኤዎች ናቸው። ሁለቱ ሲገናኙ አደጋው አይደመርም፣ ይባዛል። የጫት ነገር እንደ ሲጋራው የጠራ ማስረጃ የለውም።

በምላሳቸው ግራ ጠርዝ ላይ ትንሽ ቁስል ወጣች። የተሰበረ ጥርስ ቧጥጧቸው መሰላቸው። ማር ቀቡት። ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ ገዝተው ዋጡ። ጠበልም ተጠመቁ። ቁስሉ ስለማያማቸው ወራት አለፉ። መጀመሪያ ላይ አለማመሙ ነው ብዙውን ሰው የሚያዘናጋው። አፍ ውስጥ የወጣ ቁስል፣ ወይም ነጭ አልያም ቀይ ሽፋን፣ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ድረስ ካልዳነ መታየት አለበት። በመጨረሻ ያያቸው የጥርስ ሐኪም ዕለቱኑ ሪፈር ጻፈላቸው። ናሙና ተወሰደ፤ ስኩዌመስ ሴል ካርሲኖማ ሆኖ ተገኘ። ከአፍ ካንሰሮች ከ90 በመቶ በላዩ ይኸው ዓይነት ነው።

ቀዶ ሕክምናው አዲስ አበባ ተሠራ። የምላሳቸው ግራ ክፍልና የአንገታቸው ንፍፊቶች ወጡ። ከዚያ ጨረር ተከተለ። በአገራችን የጨረር ሕክምና ለረጅም ዘመን የሚሰጠው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ እንደ ጅማ ያሉ ማዕከላት የተጨመሩት በቅርብ ዓመታት ነው። ከቀዶ በኋላ የሚሰጠው ጨረር ደግሞ በሳምንት አምስት ቀን፣ ለስድስት ሳምንት ገደማ ይዘልቃል። ከሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው፣ ዘመድ ቤት ሳሎን ውስጥ ፍራሽ ላይ እያደሩ ጨረሱት።

ችግሩ

ሐዋሳ ተመልሰው ክትትላቸውን እኛ ዘንድ ሲጀምሩ ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበር። ክብደታቸው በየቀጠሮው ይወርዳል። ለምን እንደማይበሉ ሲጠየቁ በእጃቸው ምልክት ይሰጣሉ። ባለቤታቸው ያስረዳሉ፦ «ጾም ላይ ነኝ ነው የሚለው።» እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አይቀምሱም። ከዘጠኝ በኋላ ደግሞ አልራባቸውም። ሚዛን ላይ ሲወጡ ቁጥሩን ዞር ብለው አያዩትም።

ማስክ ከፊታቸው አይወርድም፤ ቤት ውስጥም ጭምር። ኮሮና ካለፈ በኋላ ማስክ ያደረገን ሰው ማንም ዞር ብሎ አያየውም፤ እሳቸውም ይህን አውቀዋል። ስልካቸውን ዘግተውታል። ጠያቂ ሲመጣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደ ግድግዳው ዞረው ይተኛሉ።

ቤተሰቡ ለእያንዳንዱ ምልክት ምክንያት ነበረው። አለመብላቱ ጾም ነው። ዝምታው ምላሱ ስለተቆረጠ ነው። ድካሙ ጨረሩ ነው። እንቅልፍ ማጣቱና መነጫነጩ ደግሞ «ጫት ስላቆመ ዱካክ ይዞት ነው» ተባለ። ለየብቻ ሲታይ ሁሉም እውነት ይመስላል። ጫት ሲቆም ድብርትና ቅዠት በእርግጥ ይመጣል። ግን አብዛኛውን ጊዜ በቀናት፣ ቢበዛ በጥቂት ሳምንታት ይለቃል። እሳቸው ካቆሙ ወራት አልፏቸዋል።

የአፍ ካንሰር ድባቴን የሚሸፍነው በዚህ መንገድ ነው። ድባቴ ስንፈልግ የምናያቸው ነገሮች የምግብ ፍላጎት፣ ክብደት፣ እንቅልፍ፣ ድካም፣ የሰውነት መዛልና የመሳሰሉት ናቸው። እነዚህን ሁሉ ካንሰሩም፣ ጨረሩም፣ ሕመሙም ለብቻቸው ሊያመጧቸው ይችላሉ። ስለዚህ ሁሉም ነገር በካንሰሩ ይሳበባል፤ ለድባቴው የሚቀር ምልክት የለም።

ሌላም ነገር አለ። ሆድ ላይ ያለ ጠባሳ በልብስ ይሸፈናል። የአፍ ካንሰር ግን ፊት ላይ ይታያል፣ ንግግር ላይ ይሰማል፣ ገበታ ላይ ይወጣል። በእኛ አገር ደግሞ ሰው ከሰው የሚገናኘው በአፍ ነው። ጉርሻ በአፍ ነው። ቡና፣ ምርቃት፣ እርቅ፣ ለቅሶ ላይ ማጽናናት፣ ሁሉም በአፍ ነው። አፉን ያጣ ሰው እነዚህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያጣል። በአሜሪካ የካንሰር መዝገቦች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ራስን ማጥፋት በብዛት ከሚታይባቸው የካንሰር ዓይነቶች መካከል የጭንቅላትና የአንገት ካንሰሮችን ያስቀምጣሉ፤ የአፍ ካንሰር ከእነዚህ አንዱ ነው። ጉዳቱ ወደ ሕክምናውም ይሻገራል። የተደበተ ሰው ቀጠሮ ያቋርጣል፣ ሲጋራው ይመለሳል። የተቋረጠ ጨረር ደግሞ ለካንሰሩ ሴሎች መልሰው የሚባዙበት ጊዜ ይሰጣቸዋል።

የመጀመሪያው ወረቀት የተሞላው በዚህ ጊዜ ነው። ፒኤችኪው-9 የሚባለው መጠይቅ ነው። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ስለነበረው ሁኔታ ዘጠኝ ጥያቄዎች ይጠይቃል፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሰጠዋል፤ ከፍተኛው ድምር 27 ነው። ብዙውን ጊዜ 10 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ጠለቅ ያለ ምርመራ ይደረጋል። አማርኛው አዲስ አበባ ውስጥ በተመላላሽ ታካሚዎች ላይ ተፈትሾ ውጤቱ በ2013 እ.ኤ.አ. ታትሟል። መሣሪያው ችግር የለበትም። ችግሩ የተጠየቀበት ቦታ ነው። ተራ በሚጠበቅበት ኮሪደር ላይ፣ ጮክ ተብሎ ተነበበ። ታካሚው መናገር ስለሚከብዳቸው ወንድማቸው መለሱላቸው። «ተስፋ መቁረጥ? ኧረ እሱ ጠንካራ ነው!» ውጤቱ 4 ሆነ። ካርዱ ላይ ችግር የለም ተብሎ ተጻፈ።

ምን ተደረገ

በሚቀጥለው ቀጠሮ ክፍል ውስጥ ብቻቸውን አስገባናቸው። ባለቤታቸውና ወንድማቸው ሻይ ጠጥተው እንዲመጡ ተላኩ። ጥያቄዎቹን በትልቅ ፊደል አትመን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥን። አራቱ መልሶች ከታች አሉ፤ በጣት ማሳየት ብቻ ነው። እኔም ፊታቸው ሳይሆን ጎናቸው ተቀመጥኩ፤ ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው መልስ የሚጠብቅ ይመስላል።

ስምንቱን ቶሎ ቶሎ ጨረሱ። ዘጠነኛው ብሞት ይሻላል የሚል ሐሳብ መጥቶ እንደሆነ የሚጠይቀው ነው። ጣታቸው «በፍጹም» ላይ አረፈ። ቆየ። ከዚያ እየተንሸራተተ ሄዶ «ከግማሽ በላይ በሆኑ ቀናት» ላይ ቆመ። ጠቅላላው 17 ሆነ።

ቀጥዬ፣ ሳላድበሰብስ፣ ራሳቸውን ለማጥፋት አስበው ወይም አቅደው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። አንዳንድ ባልደረቦች ይህን ጥያቄ ይፈሩታል፤ ያልነበረ ሐሳብ ያመጣል ብለው። አያመጣም። በጥናትም የታየው መጠየቁ ጉዳት እንደሌለው ነው። ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ሲም የለውም፤ እሱን እንኳ ለልጃቸው ሰጥተዋል። ማስታወሻ ላይ ጽፈው አሳዩኝ፦ «ሲስተር፣ ራሴን ላጠፋ አላሰብኩም። ግን ጠዋት ባልነቃ ደስ ይለኛል።» ትንሽ ቆይተው ጨመሩ፦ «አልራበኝም የምለው ውሸት ነው። ሰው እያየኝ መብላት አልፈልግም።»

ብዙ ጻፉ። ምራቃቸው እንደሚዝረከረክ፣ አፋቸው እንደሚሸት፣ ትንሿ ልጃቸው አንድ ቀን ፊቷን ስታዞር እንዳዩ። «በገዛ እጄ ያመጣሁት ነው» የሚለው ሁለት ቦታ ላይ አለ። ሌላም ነገር ወጣ። ቤተሰቡ «ካንሰር» የሚለውን ቃል እሳቸው ፊት አንስቶ አያውቅም፤ «እጢ ነው፣ ወጥቷል» ነው የተባሉት። እሳቸው ግን የሪፈር ወረቀቱን ገና ያኔ በስልክ ፎቶ አንስተው፣ ቃሉን ፈልገው አግኝተውታል። እነሱ «እንዳይሰማ»፣ እሳቸው «ማወቄን እንዳያውቁብኝ» ሲሉ አንድ ቤት ውስጥ ሁሉም ብቻውን ሲያለቅስ ከርሟል።

የመጀመሪያው ሥራ አፋቸውን ማየት ሆነ። ብዙ ሰው ድባቴ ሲባል ወዲያው ምክር ወይም ክኒን ያስባል። አፉ የሚቃጠልበትን ሰው ግን ምክር አያሽለውም። ጉንጫቸው ውስጥ ነጭ የፈንገስ ሽፋን ነበር፤ ጨረር ምራቅ ሲያደርቅ የሚመጣ ነው። ኒስታቲን ታዘዘ፤ ለብ ባለ ውሃ በጨውና በቤኪንግ ሶዳ መጉመጥመጥም ተጀመረ። ማቃጠሉ በጥቂት ቀናት ቀነሰ።

ቀጥሎ መንጋጋቸው። ጤነኛ ሰው ሦስት ጣቶቹን ደራርቦ በፊት ጥርሶቹ መካከል ማስገባት ይችላል። የእሳቸው አንድ ጣት ተኩል ቢያስገባ ነው። ክፍተቱ ከ35 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ መንጋጋው ተቆልፏል ይባላል። ሐኪም ምላስ የሚጫንበትን ስስ እንጨት ደራርበን ሰጠናቸው። በጥርሳቸው መካከል ያስገቡታል፣ ትንሽ ይቆያሉ፣ ሲለምዱት አንድ እንጨት ይጨምራሉ። በቀን ብዙ ጊዜ ይደገማል፤ አሰልቺ ነው። እሳቸው ግን ወደዱት። እንጨት በተጨመረ ቁጥር ፎቶ አንስተው ይልኩልን ነበር። ከታመሙ ወዲህ ወደ ላይ ሲቆጠር ያዩት ነገር ይህ ብቻ ይመስለኛል።

መድኃኒቱ ላይ ጥንቃቄ አስፈልጓል። ለሕመም ትራማዶል ይወስዱ ነበር። የአእምሮ ሕክምና ባለሙያው ለድባቴው ፍሉኦክሰቲን መረጠ። ሁለቱ አብረው ሲወሰዱ የሚጥል በሽታ ሊያስነሱና ሴሮቶኒን የተባለውን ኬሚካል ከመጠን በላይ ሊያበዙ ይችላሉ፤ ፍሉኦክሰቲን የትራማዶልን ማስታገሻነትም ይቀንሳል። ስለዚህ ትራማዶሉ ቀርቶ በሚጠጣ ሞርፊን ተተካ፤ ለሆድ ድርቀቱ የሚሆን መድኃኒትም አብሮ ተሰጠ። በእጃችን የነበረው ሌላው ምርጫ አሚትሪፕቲሊን ነው። ርካሽ ነው፣ የትም ይገኛል፣ ለነርቭ ሕመምም ይረዳል። ግን አፍ ያደርቃል። በጨረር ምራቁ ለደረቀ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የሞት ሐሳቡ ስለነበረ ሞርፊኑ በትንሽ በትንሹ እየተሰጠ ባለቤታቸው ዘንድ እንዲቀመጥ ተደረገ።

ለጾሙ የንስሐ አባታቸውን አነጋገርን፤ ታካሚው ፈቅደው ነው። አባ ቤት ድረስ መጡ። ለታመመ ሰው ጾም እንደማይጸናበት ነግረዋቸው፣ መድኃኒቱን ከጠበሉ ጋር አብረው እንዲወስዱ አዘዙ። እኛ ደጋግመን ብንለው የማይሆነውን በአንድ ቁጭታ ጨረሱት። የተደበቀውም ነገር በዚያው ሰሞን ቤተሰቡ ባለበት ተነሳ። ባለቤታቸው መጀመሪያ ተቆጡ፤ «ማነው የነገረው?» አሉ። እሳቸው ስልኩን አውጥተው የሪፈሩን ፎቶ አሳዩ። ከዚያ ወዲያ ክፍሉ ውስጥ የነበረው ለቅሶ ነው። በኋላ ግን መነጋገር ጀመሩ።

የበጀውና ያልበጀው

ምግቡ ተሳካ፤ ግን ባሰብነው መንገድ አይደለም። መጀመሪያ ከቤተሰቡ ጋር ትሪ ቀርበው እንዲበሉ ገፋፋን። እንቢ አሉ። ትክክል ነበሩ። ከዚያ መኝታ ቤት ብቻቸውን፣ መስታወት ሳይኖር፣ በማንኪያ እንዲበሉ ተስማማን። የቡላ ገንፎ፣ አቮካዶ በወተት፣ ከአሞራ ገደል የመጣ ዓሣ ተፈጭቶ ያለ በርበሬ ሾርባ። ቡላውን በደንብ ቻሉት፤ ያለችግር ይወርዳል። ሰንበትበት ሲል ትንሿ ልጅ አጠገባቸው ቁጭ ብላ የራሷን ትበላ ጀመር። ቀጥሎ ባለቤታቸው። ሰው የጨመሩት እሳቸው ናቸው፤ እኛ አይደለንም።

የካንሰር ታካሚዎች የቡድን ውይይት ላይ ጋበዝናቸው። አልበጀም። አብዛኞቹ የጡት ካንሰር ያለባቸው ሴቶች ናቸው፤ ደግ ደግ ሴቶች። ግን ውይይት ማለት ማውራት ነው። ተራው እሳቸው ጋ ሲደርስ ማስካቸውን ይዘው ተነሱ። አልተመለሱም። በስልክ ደውሎ መከታተልም ከንቱ ሆነ። የሚደወልላቸው ሰው መናገር አይችሉም። በቴሌግራም ስንጀምር ግን የድሮው ደላላ ብቅ አለ። ቀልድ ሳይቀር ይጽፋሉ።

ፍሉኦክሰቲኑን መጀመሪያ ላይ አቋርጠውታል። ማቅለሽለሽና መቁነጥነጥ ስለያዛቸው ነው። ይህ ብዙውን ጊዜ በሳምንት በሁለት ሳምንት እንደሚያልፍ፣ ጥቅሙ ደግሞ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ እንደሚወስድ በጽሑፍ አስረድተን፣ ከምግብ በኋላ ጠዋት ጠዋት እንደገና ጀመሩ።

የጠያቂዎች «አይዞህ፣ ጠንክር» ምንም አልሠራም። እንዲያውም ጎድቷል እላለሁ። ጠንካራ ነው የተባለ ሰው ደከመኝ ለማለት ያፍራል። የበጀው ጠያቂ አንድ የሥራ ጓደኛቸው ነው። መጥቶ ዝም ብሎ ኳስ ያያል። አይጠይቅም፣ አይመክርም። ጨዋታው ሲያልቅ ይሄዳል።

አሁን ያሉበት ሁኔታ

በመጠይቁ የመጨረሻው ልኬት 8 ነው። ክብደታቸው መውረዱን አቁሟል። የሞት ሐሳቡ እንደጠፋ ጽፈውልናል፤ በየቀጠሮው መጠየቃችንን ግን አልተውንም። ወደ ድሮው ድለላ አልተመለሱም። ሞክረው ነበር። ደንበኛው ሁለት ጊዜ «ምን አሉ?» ሲላቸው ስልኩን ዘጉት። አሁን የቤቶችን ፎቶ በቴሌግራም ይለጥፋሉ፣ ዋጋውን እሳቸው ይወስናሉ፣ ቤት የሚያሳየውና የሚያወራው የወንድማቸው ልጅ ነው። ኮሚሽኑን ይካፈላሉ። ገቢው እንደ በፊቱ አይደለም። አፋቸው ደረቅ ነው፤ የውሃ ጠርሙስ ከእጃቸው አይለይም። ሰርግና ድግስ ላይ ይገኛሉ፣ ግን አይበሉም።

ለሌላ ታካሚ የሚጠቅመው

መናገር የሚቸግረውን ሰው በሌላ ሰው አፍ መጠየቅ የዚያን የሌላውን ሰው ስሜት መለካት ነው። ብቻውን አስገቡት። ወረቀት፣ ጣት፣ ስልክ፣ የተገኘውን ስጡት። ማንበብ ለማይችል ደግሞ ጥያቄውን እናንተ አንብቡለትና በጣቶቹ ቁጥር ይመልስ። ይህ የሚፈልገው የሚዘጋ በር ብቻ ነው። እርግጥ ነው፣ ተመላላሽ ክፍል ውስጥ የሚዘጋ በር ማግኘትም ቀላል አይደለም።

ክብደት፣ እንቅልፍና ድካም ለአፍ ካንሰር ታካሚ አሳሳች ናቸው። እኛ አሁን ይበልጥ የምናተኩረው በሽታው ራሱ በማያመጣቸው ነገሮች ላይ ነው፦ ድሮ ደስ የሚለው ነገር ደስ ይለዋል? በራሱ ይፈርዳል? ሰው ይሸሻል? መኖር ይፈልጋል? ዓመታት ሲያልፉ ደግሞ ሌላ አሳሳች ይመጣል። አንገት ላይ የተሰጠ ጨረር የታይሮይድ እጢን ሊያዳክም ይችላል። ያ ደግሞ ድካም፣ ፍዘትና ድብርት ያመጣል። የፀረ ድባቴ ክኒን ከመጨመር በፊት ቲኤስኤች የተባለውን የደም ምርመራ ማሠራት ይገባል፤ በየስድስት ወሩ ወይም በየዓመቱም ይደገማል።

መድኃኒትን አስቀድሞ ስለመስጠት የተሠራ ጥናት አለ። በ2013 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ታትሟል። የጭንቅላትና የአንገት ካንሰር ሕክምና ለሚጀምሩ፣ ገና ድባቴ ላልያዛቸው ሰዎች ኤሲታሎፕራም የተባለው የፀረ ድባቴ መድኃኒት ተሰጠ። ማስመሰያ ክኒን ከወሰዱት ወደ ሩብ የሚሆኑት ድባቴ ሲይዛቸው፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት የያዛቸው ከአሥር አንድ ገደማ ነው። እኛ ጋ ለሁሉም ይሰጥ አልልም፤ መድኃኒቱም ክትትሉም የሚበቃ አይመስለኝም። ግን ጥያቄው ጨረር ካለቀ በኋላ ሳይሆን ምርመራው በታወቀ ሰሞን መጀመር እንዳለበት ያሳያል። የእሳቸው ድባቴ መቼ እንደጀመረ ስጠይቃቸው የጻፉት፣ ዘመድ ቤት ፍራሽ ላይ ሆነው ጣሪያ የሚያዩባቸውን ሌሊቶች ነው።

የንስሐ አባትም፣ ሼኽም፣ ፓስተርም የቡድኑ አካል ናቸው። ከጠበል ጋር እልህ መያያዝ ታካሚውን ያሳጣል።

አስታማሚዋን ማንም አልጠየቃትም ነበር። ቡላ የሚያገነፉት፣ ሞርፊን የሚለኩት፣ ሌሊት የሚተነፍስ መሆኑን ተነስተው የሚያዳምጡት ባለቤታቸው ናቸው። ያንኑ ወረቀት፣ በዚያው ክፍል፣ ብቻቸውን ሞሉት። 12 ሆነ። የእሳቸው ክትትል አሁን በራሳቸው ካርድ ተከፍቷል፤ የቀጠሮውንም ቀን ከባለቤታቸው የተለየ አድርገነዋል።